ፀሐይ በስንት ዓይነት ትጻፋለች? ሞክሼ ፊደላትና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር

በብርድ ወራት ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን በሳምንት አንድ ጊዜ ስልክ እንደውላለን። ሥራው ከባድ አይደለም። ከዝርዝሩ ስም ፈልገን እንደውላለን፣ ጤንነታቸውን እንጠይቃለን፣ መድኃኒት ወይም ማሞቂያ ከጎደለ ለሚመለከተው ሰው እናሳውቃለን። ባለፈው ዓመት ግን ለአንዲት እናት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይደወልላቸው ቀረ። ትክክለኛ ስማቸውን አንጽፍም፤ ለዚህ ትምህርት ሲባል እማማ ፀሐይ እንበላቸው።

ተረኛዋ ጓደኛችን ኮምፒውተሩ ላይ «ፀሐይ» ብላ ጻፈች። ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» አላት። ልጆቻቸው ዘንድ ሄደው ይሆናል ብላ ወደሚቀጥለው ስም አለፈች። በአራተኛው ሳምንት ቤታቸው ስንሄድ ቡና አቅርበው «ረሳችሁኝ እኮ ልጆቼ» አሉን። አልረሳናቸውም ነበር። ስማቸውም ከዝርዝሩ አልወጣም ነበር። መጀመሪያ የመዘገባቸው ሰው «ጸሃይ» ብሎ ስለጻፈ ብቻ ነው የጠፉት።

ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ማኅበራዊ ሥራ እንማራለን፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ ኮምፒውተር። ስህተቱ የማን እንደሆነ ስንነጋገር የማንም ሆኖ አላገኘነውም። ችግሩ በቋንቋችን ጠባይና በኮምፒውተር ጠባይ መካከል ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጠባዮች፣ ከዚያም መፍትሔውን እንመለከታለን።

1. ሞክሼ ፊደላት

ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ሞክሼ ይባላሉ። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላትንም በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን። በአማርኛ ዋናዎቹ አራት ቡድኖች ናቸው፦

ሀ፣ ሐ፣ ኀ
ሰ፣ ሠ
አ፣ ዐ
ጸ፣ ፀ

በግእዝ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ ነበረው። አማርኛ ልዩነቱን ከአፉ ጣለ፣ ፊደሉን ግን በእጁ አቆየ። በዚህ ላይ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በአማርኛ አንድ ዓይነት ይነበባሉ። ስለዚህ «ፀሐይ» ለሚለው ስም የመጀመሪያው ፊደል 2 ምርጫ አለው፣ ሁለተኛው ደግሞ 6 (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)። 2 ጊዜ 6 ሲባዛ 12 ይሆናል። አንድ ሰው፣ አንድ አጠራር፣ 12 አጻጻፍ ማለት ነው።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስለን። በዕለታዊው ዕብራይስጥ አብዛኛው ሰው አሌፍንና ዓይንን፣ ኸትንና ኻፍን በድምፅ አይለይም፤ ሲጽፍ ግን ይለያል። በተቃራኒው ከትግራይ የመጡ ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን ሐን እና ዐን ዛሬም በጉሮሯቸው ይለያሉ። ልዩነቱ ዕብራይስጥ ላይ ብዙም ችግር የማይፈጥረው እያንዳንዱ ቃል በትምህርት ቤትና በመዝገበ ቃላት የጸና አጻጻፍ ስላለው ነው። በአማርኛ ግን ጋዜጣውም፣ ጽሕፈት ቤቱም፣ እኛም እንደመጣልን እንጽፋለን። በብዙ የአማርኛ ኪቦርዶች ሠን ወይም ዐን ለማግኘት ተጨማሪ ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ትክክለኛው ሳይሆን ቅርቡ ፊደል ነው።

2. ኮምፒውተር ፊደልን እንዴት ያያል?

እኛ የምናነበው በዓይን ቢሆንም የምንረዳው በጆሮ ነው። «ጸሃይ» እና «ፀሐይ» ጆሯችን ላይ ሲደርሱ አንድ ናቸው። ኮምፒውተር ጆሮ የለውም፤ እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። ቁጥሮቹን የሚወስነው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። የዕብራይስጥ ፊደል በ1991 ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ገብቷል፤ የእኛ ፊደል የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው።

በዚህ ሥርዓት ሀ 4608 ነው፣ ሐ 4624፣ ሠ 4640፣ ሰ 4656። ለኮምፒውተሩ ሠ እና ሰ የመቀራረባቸው ነገር ከ5 እና ከ9 መቀራረብ አይበልጥም። «ፀሐይ» ብለን ስንጠይቀው የሚፈልገው ሦስት ቁጥሮችን ነው። እነዚያ ቁጥሮች በዚያው ቅደም ተከተል ካልተገኙ «የለም» ይላል። አልዋሸም፤ የጠየቅነው ሌላ ነገር ነው።

3. መፍትሔው

ፈጣኑ መንገድ ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልገውም። ሊብሬኦፊስ በተባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሰንጠረዡን ከፍታችሁ ወደ «ፈልግና ተካ» ሂዱ። ከአማራጮቹ መካከል «መደበኛ አገላለጽ» ወይም በተለምዶ «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» የሚባለውን ምልክት አድርጉበት። ከዚያም እንዲህ ጻፉ፦

[ፀጸ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ

በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የተጻፈው «ከእነዚህ አንዱ ይሁን» ማለት ነው። በዚህ አንድ መስመር 12ቱም አጻጻፎች ይገኛሉ። እማማ ፀሐይንም ያገኘናቸው በዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ዘላቂ ነው፤ ኮምፒውተር የሚማሩት ጓደኞቻችን የሠሩት ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ ይኖራል። በዚያ ዓምድ ሞክሼዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ፊደል ይመለሳሉ። የዩኒኮድ ሰንጠረዥ በሥርዓት ስለተደረደረ ሒሳቡ ቀላል ነው። ሠ ላይ 16 ሲደመር ሰ ይሆናል። ሡ ላይ 16 ሲደመር ሱ ይሆናል፤ እስከ ሦ ድረስ እንዲሁ ነው። ከሐ 16 ሲቀነስ ሀ፣ ከኀ 128 ሲቀነስ ሀ፣ ከዐ 48 ሲቀነስ አ፣ ከፀ 8 ሲቀነስ ጸ ይገኛል። በመጨረሻም ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለስ ነው። ፈላጊው የሚጽፈውም ስም በዚሁ ሕግ ካለፈ በኋላ ይፈለጋል። ስለዚህ ማንም እንዴትም ቢጽፍ ሁለቱ ይገናኛሉ።

በመታወቂያ ቁጥር ለምን አትፈልጉም? የሚለን ይኖራል። የበጎ ፈቃደኞች ዝርዝር በብዙ እጅ ስለሚያልፍ የመታወቂያ ቁጥር እንዳይኖርበት የወሰንነው አስበንበት ነው።

4. ስሙን ግን አትንኩ

አንድ ጓደኛችን «ታዲያ ዋናውን ዝርዝር ራሱን ለምን አናስተካክለውም? ፀን እና ሐን አጥፍተን እንገላገል» አለ። ይህ ትክክል አይደለም፤ ሁለት ምክንያት አለን።

የመጀመሪያው ትርጉም ነው። በግእዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን ሰረቀ ማለት ደግሞ የሰው ንብረት ወሰደ ማለት ነው። ምሥራቅ በሠ የሚጻፈው ፀሐይ የምትወጣበት ስለሆነ ነው። ፊደሎቹ ከዕብራይስጥ ጋር ያለንን ዝምድናም ይዘዋል። አብ በአ ነው፣ በዕብራይስጥም በአሌፍ። ዓይን በዐ ነው፣ በዕብራይስጥም በዓይን ፊደል። ሕይወት በሐ ነው፣ «ኻዪም» ም በኸት። ቄሶቻችን የሚያነቡት ኦሪትና የሚጸልዩት ጸሎት በግእዝ ነው። ለፍለጋ እንዲመች ብለን ፊደሉን ካጠፋን ይህን ዝምድና የሚያሳየን ምልክት ይጠፋል።

ሁለተኛው ምክንያት ክብር ነው። ብዙ አረጋውያን ዕድሜያቸውን ሙሉ ስማቸው በሌላ ሰው እጅ ሲጻፍ ኖሯል፤ በጸሐፊ፣ በመዝጋቢ፣ አሁን ደግሞ በእኛ። ሕጉ የሚሠራው በፍለጋው ዓምድ ላይ ብቻ ይሁን። ዋናው ስም ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ እንደመረጠው ይቆይ። ሕጉ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ሰዎችን አብሮ ያመጣል፤ ያኔ ስልክ አንሥቶ መጠየቅ ነው። ሁለት ጊዜ መጠየቅ ሰው ከመርሳት ይሻላል።

5. ለምን ክፍት ምንጭ? ደቦና ወንፈል

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማለት የተሠራበትን ጽሑፍ ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚፈቀድ ነው። ይህን ሐሳብ ከቀደሙት አንዱ የሆነው ሪቻርድ ስቶልማን የግኑን ሥራ በ1983 አስታወቀ፤ «ነፃ» ሶፍትዌር የሚለውም ዋጋውን ሳይሆን ነፃነቱን ነው። ዕብራይስጥ «ኺናም» እና «ኾፍሺ» ብሎ ሁለቱን ይለያል፤ በእኛ ቋንቋ ግን «ነፃ» ለሁለቱም ስለሚያገለግል ብዙ ሰው ነገሩን የርካሽ ዕቃ ያስመስለዋል።

ፈቃዶቹን ለመረዳት ወላጆቻችን የሚያውቁት ነገር ይረዳናል። ደቦ ላይ ጎረቤት ተጠርቶ ይሠራል፣ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ኤም.አይ.ቲ የሚባለው ፈቃድ ደቦን ይመስላል፤ የሠሩትን ሰዎች ስምና ፈቃዱን አቆይተህ እንደፈለግህ ተጠቀም ይላል። ወንፈል ግን ተራ አለው፤ ዛሬ ላንተ ከታጨደ ነገ አንተ ለሌላው ታጭዳለህ። ጂ.ፒ.ኤል የሚባለው ፈቃድ ወደ ወንፈል ይቀርባል፤ አሻሽለህ ለሌላ ካከፋፈልህ ያሻሻልኸውንም በዚያው ፈቃድ ክፈተው ይላል።

ውጤቱ ቅርባችን አለ። ህስፔል የተባለውን የዕብራይስጥ ፊደል አራሚ ናዳቭ ሃርኤልና ዳን ኬኒግስበርግ የተባሉ ሁለት ሰዎች ሠርተው ከፈቱት። የሊብሬኦፊስ የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት የመጣው ከዚያ ሥራ ነው። አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት የግእዝ ፊደል ቅርጾችም በክፍት ፈቃድ የተሰጡ ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው። ለመሳተፍ ደግሞ የግድ ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም። ትርጉም ማረም፣ የቃላት ዝርዝር ማዘጋጀት፣ «እዚህ ላይ አማርኛ ይበላሻል» ብሎ ማሳወቅም ሥራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የምናካፍለው ሕጉን ነው፤ ዝርዝሩን አይደለም። የአረጋውያን ስም፣ ስልክና የጤና ሁኔታ በምንም ምክንያት ክፍት አይሆንም።

ተግባር

ሀ. «እስራኤል» የሚለው ቃል በሞክሼ ፊደላት ስንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል? ለፍለጋ የሚሆነውን መስመር ጻፉ። (መልስ፦ 8፤ [እዕ][ስሥ]ራ[ኤዔ]ል)

ለ. «ዓለሙ» ለሚለው ስም እንዲሁ አድርጉ። (መልስ፦ 4፤ [አኣዐዓ]ለሙ)

ሐ. ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን ስማቸው በአማርኛ እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ከዚያም ስማቸው ባለበት ዝርዝር ውስጥ እንዴት እንደተጻፈ ተመልከቱ። ልዩነት ካገኛችሁ ፈልጎ ያጣቸው ሰው ሊኖር ይችላል።