የሚታደንን ጎረቤት ስለ መሸሸግ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ ያድራል። ይህ የአንድ ሌሊት ነገር ነው። መንግሥት የሚያድነውን ሰው ሁለትና ሦስት ዓመት ማሳደር ግን ለብቻው ሊጠና ይገባዋል። ለዚህም እንደ ጋይንት ብርዳም ደጋ የሆነው የፈረንሳይ መንደር ለ ሻምቦን ሱር ሊኞን ይጠቅመናል።

ፈረንሳይ በ1940 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን ስትሸነፍ፣ በቪሺ የተቀመጠው የማርሻል ፔተን መንግሥት ይሁዲዎችን በሕግ ለየ፤ በኋላም እየያዘ ለጀርመኖች ያስረክብ ጀመር። በለ ሻምቦን የፕሮቴስታንት ሰባኪ የነበሩት አንድሬ ትሮክሜና ባልደረባቸው ኤድዋር ቴይስ ለሸሸ ሰው በር እንዳይዘጋ አስተማሩ። ሥራውን የሠሩት ግን ገበሬዎች፣ ባልቴቶችና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ናቸው። ሐሰተኛ መታወቂያና የራሽን ወረቀት ተዘጋጀ፤ ሕፃናቱ ከመንደሩ ልጆች ጋር ተማሩ፤ ፖሊስ ሲቃረብ ስደተኞቹ ወደ ጫካና ወደ ሩቅ እርሻዎች ይበተኑ ነበር። በኦገስት 1942 ፖሊሶች አውቶቡስ ይዘው መጥተው ፈለጉ፤ ያገኙት ከምንም አይቆጠርም። በዚህ ዓይነት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ዳኑ።

ዋጋ አልተከፈለበትም ማለት ግን አይደለም። በጁን 1943 ጌስታፖ አንድ የተማሪዎች ማደሪያ ከበበ። ኀላፊው፣ የአንድሬ ዘመድ የሆነው ወጣት ዳንኤል ትሮክሜ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ተወሰደና በ1944 በማይዳኔክ ሞተ። (እኛ ተማሪዎች ይህን ስም ብናውቀው ደግ ነው።)

እነዚህ ገበሬዎች ለምን ደፈሩ? ቅድመ አያቶቻቸው ራሳቸው ከ1685 በኋላ በሃይማኖታቸው ምክንያት ሲታደኑ የኖሩ ናቸው። በእኔ አስተያየት ከስብከቱ ይልቅ ይህ ትዝታ ይበልጥ ሠርቷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ከበድ ይላል። ኢጣልያ በ1938 የይሁዲ ጠል ሕጓን ስታወጣ አገራችን በእጇ ነበረች። ይሁን እንጂ ቤተ እስራኤልን ርስት የከለከላቸው፣ በቡዳነት ያማቸው ኢጣልያዊ አይደለም። የጎንደር ገበሬ ማረሻውን ከእጃቸው እየገዛ፣ የገዛበትን ሰው ዓይን ይፈራ ነበር። ከ1984 እስከ 1991 አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ለክርክር ማኅበራችን የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ ማታ በዓይኑ የምንፈራው ቀጥቃጭ አዳኝ ተከትሎት «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ቢለን ኖሮ በሩን ማን ይከፍትለት ነበር?