በአንድ በረት የሚረባ የብዙ ከብት ፍግ ውሃ እንዳያበላሽ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

ፍግ ለእርሻ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን መሬቱ ሊቀበለው ከሚችለው በላይ በአንድ ስፍራ የተከማቸ እንደ ሆነ ሀብትነቱ ቀርቶ ጥፋት ይሆናል። ከብት በሜዳ ሲሰማራ እበቱ በሰፊው መሬት ይበተናል፤ በበረት ታጉሮ ሲቀለብ ግን መኖው ከሩቅ ይመጣል፥ ፍጉ በዚያው ይቀራል።

ፍግ ወደ ወንዝ ሲገባ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳል፤ ዓሣውም ታፍኖ ይሞታል። ወደ መሬት የሰረገ እንደ ሆነ ደግሞ ናይትሮጅኑ ወደ ናይትሬት ተለውጦ ወደ ጕድጓድ ውሃ ይደርሳል። በአንድ ሊትር ከ50 ሚሊግራም የበለጠ ናይትሬት ያለበት ውሃ በጡጦ ለሚያድግ ሕፃን ያሠጋል፤ ደሙ ኦክሲጅን ለመሸከም ያቅተዋልና።

በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1995 ዓ. ም. የአንድ እሪያ ማርቢያ የፍግ ኩሬ ግድብ ተደርምሶ፥ 95 ሚሊዮን ሊትር ያህል ፍሳሽ ኒው ሪቨር ወደሚባለው ወንዝ ወረደ፤ እጅግ ብዙ ዓሣም አለቀ። የግዛቲቱ ምክር ቤት አዲስ ትልልቅ የእሪያ ማርቢያ እንዳይሠራ ያገደው ከጥፋቱ በኋላ በ1997 ነው።

የአውሮፓ አገሮች በ1991 ባወጡት ደንብ፥ ናይትሬት በሚያሠጋው ስፍራ በአንድ ሄክታር ላይ በዓመት የሚፈሰው የፍግ ናይትሮጅን ከ170 ኪሎግራም እንዳይበልጥ ወሰኑ። ብዙ የምትታለብ ላም በዓመት 100 ኪሎግራም ያህል ናይትሮጅን ትጥላለች። ስለዚህ በዚህ ልክ ለ100 ላሞች ፍግ 59 ሄክታር ያህል መሬት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያም በ1995 ዓ. ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300፥ ብክለት ያደረሰ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል።

እንግዲህ አስተዳዳሪው ለከብት ማርቢያ ከመፍቀዱ በፊት ሦስት ነገር ሊመረምር ይገባዋል። አንደኛ፥ ባለ ከብቱ ለፍጉ የሚበቃ የእርሻ መሬት ወይም ፍጉን የሚወስዱ ገበሬዎች እንዳሉት፤ ሁለተኛ፥ ማጠራቀሚያው የማያሰርግና ክረምቱን በሙሉ የሚችል እንደ ሆነ፥ በኃይለኛ ዝናም የተበተነ ፍግ ወደ ወንዝ ይታጠባልና፤ ሦስተኛ፥ በረቱ ከወንዝና ከመጠጥ ውሃ መራቁን፥ የጣራውም ውሃ ከፍጉ ጋራ እንዳይደባለቅ ቦይ እንደ ተቀደደለት።

ከመፍቀድ በፊት አንድ ቀን ስፍራውን ማየት፥ ውሃው ከተበላሸ በኋላ ብዙ ዓመት ከመካሰስ ይሻላል።