የቀበሌ መዝገብና የጎረቤት ምስክርነት
(ከአራዳና ከፒያሳ የተወሰደ ትምህርት)



ባለፈው ሰሞን በማኅበራዊ ሳይንስ ማስተማሪያ ዘዴ ክፍለ ጊዜ አንድ የቡድን ሥራ ተሰጥቶን ነበር። ርእሱ «ቀበሌ ለኅብረተሰቡ ምን አገልግሎት ይሰጣል?» የሚል ሲሆን፣ ለአራተኛ ክፍል ልጆች የሚሆን የ40 ደቂቃ ትምህርት እንድናዘጋጅ ነው የታዘዝነው። ቀላል መስሎን አምስታችን አንድ ከሰዓት ተቀመጥንና «መታወቂያ ይሰጣል፣ ጸጥታ ያስከብራል፣ ንጽሕና ይጠብቃል» ብለን ጽፈን ጨረስን። መምህራችን ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ይኼንንማ ልጆቹም ያውቁታል፤ ሄዳችሁ እዩ እንጂ» ብለው መለሱልን። እኛም ሄድን። ከመካከላችን ሁለቱ ፒያሳ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ አራዳን መረጥን።

አስቀድመን ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተሞችና በ203 ቀበሌዎች ተከፍላ ነበር። ቆይቶ ቀበሌዎቹ ተጠቃለሉና ወረዳ ተባሉ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ተጨመረ። ሰሌዳው ላይ «ወረዳ» ይባል እንጂ ሰዉ እስከ ዛሬ «ቀበሌ ደርሼ መጣሁ» ነው የሚለው። እኛም እዚህ እንደ ሰዉ እንላለን።

ለመሆኑ ቀበሌ ከየት መጣ? አራዳ ድሮ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የተዘረጋ ትልቅ ገበያ ነበር። የገበያው አለቃ ነጋድራስ ይባላል፤ ቀረጥ ይሰበስባል፣ ነጋዴ ከነጋዴ ሲካሰስም ይዳኛል። ጸጥታውን የሚጠብቀው ደግሞ የአራዳ ዘበኛ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረው፤ ፒያሳ የሚለውንም ስም ያ ዘመን ነው ትቶት የሄደው። ሰፈሮቹ በመኳንንት ስም ይጠሩ ነበር፤ ለምሳሌ ደጃች ውቤ ሰፈር። በሠሪው የሚጠራም አለ፤ ሠራተኛ ሰፈርን እንውሰድ። እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈርም አለ። እሪ ብትል የሚደርስልህ የለም ማለት እኮ ነው! ስለ አስተዳደር ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ ያለ አይመስለንም።

በእርግጥ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነበረ። ዛሬም በቸርችል ጎዳና ራስጌ ቆሞ የሚታየው ሕንፃው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው የተሠራው። ሆኖም የአጥር ጠብና የፍሳሽ ቦይ ክርክር ሁሉ እዚያ ሕንፃ ድረስ አይወጣም። የዕለት ተዕለቱን ጉዳይ የሚጨርሱት የሰፈር ሽማግሌዎች፣ ለቀብር የሚደርሰው ደግሞ እድር ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ። ትርፍ ከተባሉት ውስጥ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ለቀበሌ፣ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉትን መንግሥት በሌላ መሥሪያ ቤት በኩል ያዛቸው። «የቀበሌ ቤት» የሚለው አነጋገር ከዚህ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉልን። ቀበሌ የተወለደው ስለ ሰው ከወጣ አዋጅ አይደለም፤ ስለ ቤት ከወጣ አዋጅ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ ዋናው ቤት ማስተዳደርና ኪራይ መሰብሰብ ነበር። ስለዚህም ይመስለናል እስከ ዛሬ ቀበሌ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የቤት ቁጥር ስንት ነው?» የሚለው። ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በቤቱ ላይ ሌላው ሥራ ሁሉ እየተደረበ ሄደ። የፍርድ ሸንጎ ተቋቋመና ጥቃቅን ክርክሮችን መዳኘት ጀመረ። የኅብረት ሱቅ ተከፈተ፤ ስኳርና ሳሙና በካርድ ሆነ። ካርዱም በቤት ቁጥር ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የሰፈሩ እናቶችና አባቶች ማታ ማታ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ፊደል ቆጠሩ። ይህ የመምህራን ታሪክም ስለሆነ እንኮራበታለን። ነገር ግን ሌላውንም መዝለል አንችልም፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት ብዙ ወጣቶች የታሰሩትና የተገረፉት በእነዚሁ ቀበሌዎች ግቢ ውስጥ ነው። ስኳር የሚያድለው ጽሕፈት ቤት እስር ቤትም ነበር። የፒያሳ አረጋውያን «ቀበሌ» የሚለውን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። ደርግ ከወደቀ በኋላ የራሽኑ ካርድ ቀረ። የ1995ቱ የከተማዋ ቻርተር (አዋጅ ቁጥር 361/1995) ለቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የንብረትና የገንዘብ ክርክር የማየት ሥልጣን ሰጣቸው። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ግዴታ ሆነ፤ ሥራው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። አሁን ደግሞ ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ መጥቷል።

እንግዲህ ወደ ጉብኝታችን እንመለስ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራዳ ውስጥ ካሉት ወረዳዎች በአንደኛው ወንበር ተሰጥቶን ተቀመጥን። ሠራተኞቹ ጥያቄያችንን በትዕግሥት ነው የመለሱልን። አንድ አባት ልጁን ሊያስመዘግብ መጣ፤ የሐኪም ቤቱን የልደት ማሳወቂያ ይዟል፣ በ90 ቀን ውስጥ ስለመጣም ቶሎ አለቀለት። አንድ ወጣት ያላገባ ማስረጃ ፈልጎ ነበር። «ምስክሮችህስ?» ተባለ። ዘወር ብሎ በሩ ላይ የቆሙትን ጎረቤቶቹን አሳየ፤ አንዷ ከነጠላዋ ከነጋቢዋ፣ ከገበያ ዘንቢሏ ጋር ነው የመጣችው። አንዲት እናት ደግሞ መሸኛ ልትወስድ መጥታለች። መሸኛ ማለት ከአንዱ ወረዳ ለቆ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው የሚይዘው ደብዳቤ ነው። ድሮ የሚሸኘው ሰው ነበር፤ አሁን ወረቀት ይሸኛል።

እኛን የገረመን ምስክሩ ነው። ኮምፒውተሩ አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ ፋይሉ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሆኖም ብዙ ጉዳይ መጨረሻው ላይ «ይህን ሰው እናውቀዋለን» የሚሉ ጎረቤቶች ፊርማ ላይ ይደርሳል። መዝገቡ ቤቱን ያውቃል፤ ሰውየውን የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው። ይህንን በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘነውም።

ታዲያ ጎረቤት ሲበተንስ? ይህ ጥያቄ የመጣልን ከአንድ የቡድናችን አባል ቤት ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ብዙው ክፍል፣ ዶሮ ማነቂያ ጭምር፣ ሲፈርስ የእነሱም ግቢ ፈረሰ። በፋይሉ ላይ ስማቸው የነበረ ተከራዮች ምትክ ተሰጥቷቸው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። በግቢው ኋላ በኩል ግን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በደባልነት የኖሩ አንድ እናት ነበሩ። ደባል ማለት በሌላ ሰው ስም በተያዘ ቤት ተጠግቶ የሚኖር ነው። ዋናዋ ተከራይ ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አገር ውስጥ የሉም። እኚህ እናት ጓደኛችንን አዝለው ያሳደጉ፣ የግቢውን ቡና የሚያፈሉ፣ ቧንቧው ሲዘጋ የሚጣሩ ሰው ናቸው። የቤቱ ፋይል ሲገለጥ ስማቸው የለም።

«እማማ፣ እዚህ ቤት መኖርዎን የሚያሳይ ምን ወረቀት አለዎት?» ተባሉ።

«ልጄ፣ ወረቀት ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው፤ ሁሉም ያውቀኝ የለም እንዴ!» አሉ።

እውነት ነው፤ ሁሉም ያውቃቸው ነበር። ሁሉም ግን በሦስት ወር ውስጥ በከተማው ዳር ዳር ወደሚገኙ ኮንዶሚኒየሞች ሄዷል። በኋላ የጓደኛችን እናት አንድ ነገር ትዝ አላቸው፤ የእድር ደብተር። እማማ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የእድር መዋጮአቸውን አቋርጠው አያውቁም። ደብተሩ ላይ ወሩ፣ ገንዘቡና የገንዘብ ያዡ ፊርማ አለ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይም የቤት ቁጥሩ በእስክሪፕቶ ተጽፏል። የእድሩ ጸሐፊ ደብዳቤ ጻፉ፣ የእድሩ ዳኛ ፈረሙበት፣ ሦስት የድሮ ጎረቤቶች ሁለት ሁለት ታክሲ ተሳፍረው መጥተው መሰከሩ። አቤቱታው ተቀባይነት አግኝቶ ፋይል ተከፍቶለታል፤ ይህ ጽሑፍ እስከተለጠፈበት ቀን ድረስ ግን መልሱ አልደረሰም። እማማም ዘመድ ቤት ናቸው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ «ጥፋቱ የእሳቸው ነው፣ መመዝገብ ነበረባቸው» አሉን። በሕጉ በኩል ከታየ ልክ ናቸው። እኛ ግን አንስማማም። በሰፈሩ ሥርዓት መሠረት እማማ ተመዝግበዋል፤ በየወሩ፣ በፊርማ። የተመዘገቡበት ደብተር ቀበሌው የሚያነበው ደብተር ስላልሆነ ብቻ ነው የጠፉት። እድርም እኮ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና መተዳደሪያ ደንብ ያለው አስተዳደር ነው፤ ድንኳኑና ድስቱ ሳይቀር በዝርዝር ተመዝግቦ ይያዛል። ልጆችን ስለ አካባቢ አስተዳደር ስናስተምር ስለ ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ተናግረን እድሩን ብንተወው ግማሹን ነው የምንነግራቸው።

ስለዚህ የትምህርት እቅዳችንን ከእንደገና ጻፍነው። ልጆቹ አንድ ቀን ቀደም ብለው ሁለት ነገር ጠይቀው እንዲመጡ ይታዘዛሉ፤ የቤታቸውን ቁጥርና «እዚህ ለመኖራችን የሚመሰክርልን ማን ነው?» የሚለውን። በክፍል ውስጥ የመጀመሪያው መልስ በሰሌዳው ግራ፣ ሁለተኛው በቀኝ ይጻፋል። ከዚያ መምህሩ «አንድ ሰው በግራው በኩል ባይኖርስ?» ብሎ ይጠይቃል። ማስጠንቀቂያ ለባልደረቦቻችን፦ ከፈረሰ ሰፈር የመጣ ልጅ ሊኖር ስለሚችል ማንም በግድ ተነሥቶ እንዲመልስ አይደረግ።

ትምህርቱን እርስ በርሳችን ሞከርነው፤ ጓደኞቻችን እንደ ተማሪ ሆነው ተቀመጡ። አንዷ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ቤቱ ሲፈርስ ቁጥሩ የት ይሄዳል?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። የሚያስተምረው ጓደኛችን ጠመኔውን ይዞ ዝም ብሎ ቆመ። መምህራችንም ከኋላ ሆነው «መልስ እንጂ» አላሉትም። ጥያቄውን በእቅዱ መጀመሪያ ላይ አስገብተነዋል።

የእማማ እድር አልፈረሰም። አባላቱ በከተማው አራት ማዕዘን ቢበተኑም በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጊዮርጊስ አጠገብ ይገናኛሉ፤ መዋጮው እዚያው ይከፈላል፣ ደብተሩ እዚያው ይፈረማል። ባለፈው ወር እማማም ሄደው ከፍለዋል። ጥሩምባ ነፊው ብቻ ሥራ ፈቷል፤ ሰው ሲሞት አሁን በስልክ ነው የሚነገረው።