ስለ ጽኑ ምት ሒሳብ

ልጆች በትርፍ ጊዜያቸው በሚጫወቱት የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ብዙ ሒሳብ አለ። መምህሩ ይህን ሒሳብ አውጥቶ ቢያሳያቸው ትምህርቱ ቶሎ ይገባቸዋል። ስለዚህ በዚህ ክፍል አንድ ጥያቄ እንመረምራለን፤ ይኸውም፦ ብዙ ጊዜ የማይመጣ፥ ሲመጣ ግን ታላቅ የሆነ ነገር ዋጋው በምን ይለካል? የሚል ነው።

አክሽን ሮል ፕሌይንግ በሚባለው የጨዋታ ዓይነት ተጫዋቹ አንድ ተዋጊ ይመርጣል፤ ተዋጊውንም እያዘዘ ከጠላት ጋር ይዋጋል፤ ጠላት ድል በሆነ ጊዜ የተሻለ መሣሪያና ልብስ ያገኛል። ተዋጊው በመታ ቍጥር ኮምፒዩተሩ ዕጣ ያወጣል። ዕጣው ከወጣለት ምቱ ከወትሮው የበረታ ይሆናል። ይህንን የበረታ ምት ክሪቲካል ሂት ይሉታል፤ እኛ ግን ጽኑ ምት ብለን እንጠራዋለን።

ነገሩ ከኮምፒዩተር ጨዋታ አስቀድሞ በጠረጴዛ ላይ በሚደረግ ጨዋታ ይታወቅ ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. ባርከር የተባለው ሰው የደረሰው «ኢምፓየር ኦቭ ዘ ፔታል ስሮን» የተባለ ጨዋታ ታተመ። በዚያ ጨዋታ ተጫዋቹ 20 ገጽ ያለውን ዛር ይጥላል፤ 20 ቍጥር ከወጣለት የምቱ ጉዳት እጥፍ ይሆናል። ከ20 ገጽ አንዱ ማለት ከመቶ 5 እጅ ማለት ነው።

አሁን ለምሳሌ በ2012 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) የወጣውን «ዲያብሎ 3» እንውሰድ። ስሙ በእስፓንያ ቋንቋ ሰይጣን ማለት ስለ ሆነ ለሽማግሌዎች ጆሮ ደስ አያሰኝ ይሆናል፤ እኛ ግን ከእርሱ የምንወስደው ሒሳቡን ብቻ ነው። በዚህ ጨዋታ ተዋጊው ምንም ልዩ ልብስ ሳይለብስ ጽኑ ምት የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 5 እጅ ነው፤ የጽኑ ምቱም ጭማሪ ከመቶ 50 እጅ ነው። ተራው ምት 100 ጉዳት የሚያደርስ ቢሆን ጽኑው ምት 150 ያደርሳል ማለት ነው።

እንግዲህ ተዋጊው 20 ጊዜ መታ እንበል። እንደ ዕድሉ ልክ ከሆነ 19ኙ ተራ ምት ሆነው 1,900 ይሆናሉ፤ አንዱ ጽኑ ምት 150 ይሆናል፤ ድምሩ 2,050 ነው። ይህን ለ20 ብናካፍለው ለያንዳንዱ ምት 102 ከግማሽ ይደርሳል። ይህም ቍጥር አማካይ ይባላል። በሌላ መንገድ ዕድሉን በጭማሪው ብናባዛው፥ ማለት የ50ን ከመቶ 5 እጅ ብንወስድ፥ ያንኑ 2 ከግማሽ እናገኛለን። ጽኑው ምት በዓይን ሲታይ ታላቅ ነው፤ ለተዋጊው የጨመረለት ግን ከመቶ 2 እጅ ተኩል ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዕድሉና ጭማሪው የሚደመሩ ሳይሆኑ የሚባዙ ናቸው። «አንድ እንጨት አይነድም» እንደሚባለው፥ አንደኛው ያለ ሁለተኛው ጥቅም የለውም። ጭማሪው እጅግ ቢበዛ ዕድሉ ግን ባዶ ቢሆን፥ ወይም ዕድሉ ሙሉ ሆኖ ጭማሪው ባዶ ቢሆን፥ ትርፉ ባዶ ነው።

ይህንንም በሁለት ተጫዋቾች እናስረዳ። ሁለት ጓንቶች ቀረቡላቸው እንበል፤ አንደኛው ጓንት በዕድሉ ላይ 10 ይደምራል፤ ሁለተኛው በጭማሪው ላይ 50 ይደምራል። የሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ምት 100 ነው።

ፊተኛው ተጫዋች ዕድሉ 5፥ ጭማሪው 50 ነው። አንደኛውን ጓንት ቢያደርግ ዕድሉ 15 ይሆንና አማካዩ 107 ከግማሽ ይደርሳል። ሁለተኛውን ቢያደርግ ጭማሪው 100 ይሆንና አማካዩ 105 ይሆናል። ስለዚህ ለእርሱ አንደኛው ይሻለዋል።

ኋለኛው ተጫዋች ግን ዕድሉ 45፥ ጭማሪው 100 ነው። አንደኛውን ቢያደርግ አማካዩ 155፥ ሁለተኛውን ቢያደርግ 167 ከግማሽ ይሆናል። ለእርሱ ሁለተኛው ይሻለዋል። ጓንቶቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የባለቤቱ ይዞታ ነው። እንግዲህ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ «ለማን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ደግሞ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። ዕድል ከመቶ 100 እጅ ማለፍ አይችልምና፥ ከዚያ በላይ የሚደመርበት ሁሉ በከንቱ ይቀራል። እንዲሁም 100 ሕይወት የቀረው ጠላት በ100 ምት ይሞታልና፥ በ150 ቢመታም የተረፈው 50 ምንም አይጠቅምም።

መምህሩ ይህን ሁሉ ያለ ኮምፒዩተር ማሳየት ይችላል። በአንድ ከረጢት ውስጥ መጠናቸው የተካከለ 19 ነጭ ጠጠርና 1 ጥቁር ጠጠር ይጨምር። እያንዳንዱ ልጅ ሳያይ አንድ ጠጠር ያውጣ፤ ቀለሙን ይጻፍ፤ ጠጠሩን ወደ ከረጢቱ ይመልስ፤ እንዲህም 20 ጊዜ ያድርግ። ብዙ ሰው 20 ጊዜ ያወጣ አንድ ጊዜ ጥቁር ሳያገኝ አይቀርም ብሎ ያስባል። ነገር ግን 100 ልጆች ይህን ቢያደርጉ 36 ያህሉ አንድም ጥቁር ሳያገኙ እንደሚቀሩ በሒሳብ ይታወቃል። ያላገኘውም ልጅ «አሁን ተራዬ ደረሰ» ቢል ተሳስቷል፤ ከረጢቱ ያለፈውን አያስታውስምና።

ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በዲያብሎ 3 ጽኑው ምት በቢጫ ቍጥር ይጻፋል፤ ስለዚህ ዓይን እርሱን ይይዛል፤ ተራውን ምት ይረሳል። በሎተሪና በውርርድም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ያሸነፈው አንድ ሰው ስሙ ይነገራል፥ ገንዘባቸውን ያጡት ብዙዎች ግን አይጠሩም። አማካይን ማስላት የተማረ ልጅ፥ ወደፊት ለዕድል ገንዘብ እንዲከፍል ሲጠየቅ፥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወጣና ስንት እንደሚያስገኝ አባዝቶ ከዋጋው ጋር ያስተያያል። ስለዚህ መምህራን ትምህርቱን በክፍል፥ ሽማግሌዎችም በቤት ቢያስረዱ ልጆቹን ከብዙ ጥፋት ያድኗቸዋል።

ጥያቄ

1ኛ፤ ተራው ምት 80፥ ዕድሉ 10፥ ጭማሪው 50 ቢሆን አማካዩ ስንት ነው?
2ኛ፤ ዕድሉ 20፥ ጭማሪው 100 ለሆነ ተጫዋች ከሁለቱ ጓንቶች የትኛው ይሻላል?
3ኛ፤ 20 ጊዜ ነጭ ብቻ ያወጣ ልጅ በ21ኛው ጊዜ ጥቁር የማግኘት ዕድሉ ስንት ነው?

መልስ

1ኛ፤ 84 ነው። 2ኛ፤ ሁለቱም እኩል ናቸው፤ በሁለቱም አማካዩ ከተራው ምት በላይ ከመቶ 30 እጅ ይሆናል። 3ኛ፤ እንደ በፊቱ ከ20 አንድ ነው።