ማየትና ማስተዋል

አንዲት እናት ተቅማጥ የያዘውን ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ሐኪም ቤት መጣች። እርሷም፦ «ማልቀሱን ትቷል፤ ተሽሎታል» አለች። ነርሲቱ ግን ቀርባ ተመለከተችው። ዐይኖቹ ጐድጕደዋል፤ የሆዱም ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ከ2 ሴኮንድ በላይ ቈይቶ ተመለሰ። ዝምታው የድካም እንጂ የጤና እንዳልሆነ፥ ሰውነቱም ውሃ እንዳለቀበት ዐውቃ ወዲያው ሐኪሙን ጠራች፤ ሕፃኑም ዳነ።

ወደ ቤት ሊመለሱ በተነሡ ጊዜ ነርሲቱ አንዱን እሽግ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ እንድትበጠብጥ ለእናቲቱ ነገረቻት። «ገባኝ» ብትላትም፦ «እኅቴ፥ በጥብጠሽ አሳዪኝ» አለቻት። እናቲቱ ግማሽ ሊትር ብቻ ቀዳች። ጨው የበዛበት ውሃ ሕፃኑን ይጐዳዋልና ነርሲቱ በትዕግሥት አረመቻት።

ልጆች ሆይ፥ ዝም ያለ ሁሉ ደኅና አይደለም፤ «ገባኝ» ያለም ሁሉ አልገባውም። ከመፍረዳችሁ በፊት ቀርባችሁ አስተውሉ።