የእንጨት ስንጠቃ ትርፍ የት ይቀራል? ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የሚገኝ ትምህርት

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ ሰው ዐይኑን ከሚጥልባቸው ሥራዎች አንዱ እንጨት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከከተማዋ ወደ ደቡብ መርዓዊንና ዳንግላን አልፎ እስከ እንጅባራ ለሚጓዝ መንገደኛ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው የገበሬው ባሕር ዛፍ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው የውጭ አገር የግራር ዘር ለከሰል ምርት በብዛት ተተክሏል። ጥሬ ዕቃው በቅርብ አለ፤ ገዢውም በከተማው ውስጥ ቤት ሲሠራና በር ሲያስገጥም ይውላል። በመካከሉ የጎደለው የመሰንጠቂያ መሣሪያ ብቻ ይመስላል።

ብዙ ባለሀብት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ነጋዴው የሚያተርፈው ወይም የሚከስረው ግንዱ መጋዙ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በሚደረገው ግዢና ሳንቃው ከመጋዙ ከወጣ በኋላ በሚደረገው የማድረቅ ሥራ ነው።

ባሕር ዛፍ ከትውልድ አገሩ ከአውስትራሊያ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን የተፈለገውም የአዲስ አበባን የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እጥረት እንዲያቃልል ነበር። ስለዚህ ንግዱ ከመነሻው በማገዶና በአጣና ላይ ተመሠረተ። የጎጃም ባሕር ዛፍም በአጣናነት ወደ አገር ውስጥ ገበያ፣ በመተማ በኩልም ወደ ሱዳን ሲላክ የኖረ ነው። አጣና ቀጭንና ቀጥ ያለ፣ በጥቂት ዓመታት የሚደርስ ዛፍ ይፈልጋል። ለሳንቃ የሚሆነው ግን ሳይቆረጥ ብዙ ዓመት የቆየ ወፍራም ግንድ ነው። በመሆኑም በአካባቢው እንጨት መሙላቱ ለስንጠቃ የሚሆን ግንድ መሙላቱን አያረጋግጥም። መሣሪያ ለማዘዝ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ማድረግ ያለበት ከመንገድ በማይርቁ ቦታዎች ስንት ወፍራም ዛፍ እንደሚገኝ ራሱ ዞሮ መቁጠር ነው።

ግንድ በሜትር ይገዛል

በገጠር ዛፍ በቁሙ ሲሸጥ ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በደላላ ግምት ነው። ግምቱ ደግሞ ዐይን ከሚያርፍበት ከግንዱ ሥር ይነሣል። ይህ ምን ያህል እንደሚያከስር ቀላል ስሌት ያሳያል። ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ግንድ ሥሩ ላይ 36፣ መሐሉ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር የጎን ስፋት አለው እንበል። በሥሩ ልክ ቢሰላ 0.41 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። በመሐሉ ልክ ሲሰላ ግን 0.28 ሜትር ኩብ ነው። በሥሩ ልክ የገዛ ነጋዴ ከእውነተኛው መጠን በላይ 44 ከመቶ ጨምሮ ከፍሏል ማለት ነው። ይህን ኪሳራ የትኛውም መጋዝ አይመልሰውም።

መድኃኒቱ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። የግንዱ መሐል ዙሪያ ይለካና ለ3.14 ሲካፈል የጎን ስፋቱ ይገኛል፤ ዙሪያው 94 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግንድ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። በቁሙ የሚገዛ ዛፍ ከሆነ ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ እየተለካ በመደብ በመደብ ይቆጠራል። የተወሰኑት ተቆርጠው ከተሞከሩ በኋላ ውሉ ቢፈረም ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል።

ገበሬውም በውሉ ውስጥ መታሰብ አለበት። ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በመጥረቢያ ተተልትሎ ቅርፊቱ የተላጠ ጉቶ ግን ደካማ ቡቃያ ይሰጣል። ጉቶውን በመጋዝ፣ ዝቅ አድርጎና ውኃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርጎ የሚቆርጥ ነጋዴ ለገበሬው ቀጣዩን ምርት ይተውለታል። በሚቀጥለው ጊዜም ዛፉን ለመግዛት ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሱ ይሆናል።

አሥራ አንደኛው ሳንቃ

ሁለተኛው ትምህርት የመጋዙ ውፍረት ነው። ክብ መጋዝ በእያንዳንዱ ቁርጥ 6 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ወደ ሰጋቱራ ሊለውጥ ይችላል። በስሱ የሚቆርጥ ባለ ቀበቶ መጋዝ ግን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚበላው። 25 ሚሊ ሜትር ሳንቃ የሚያወጣ ሰው በመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ሳንቃ 31፣ በሁለተኛው 27 ሚሊ ሜትር እንጨት ያስፈልገዋል። ስለዚህ 310 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ጥርብ ግንድ በክብ መጋዝ 10፣ በቀበቶ መጋዝ 11 ሳንቃ ይወጣል። የግንዱ ዋጋ፣ የጭነቱ ኪራይና የሠራተኛው ደመወዝ በሁለቱም አንድ ስለሆነ አሥራ አንደኛው ሳንቃ ንጹሕ ትርፍ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ስሱ ምላጭ ስልና ቀጥ ያለ ሆኖ ካልተያዘ እየተጠማዘዘ አንዱን ጫፍ ወፍራም፣ ሌላውን ቀጭን አድርጎ ያወጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ምላጭ ከውጭ የሚያስገባ ሰው ይህን ሳያሰላ የድሮ ሒሳብ ይዞ መነሣት የለበትም። በአካባቢው ምላጭ የሚስልና የሚጠግን ባለሙያ መኖሩን ማጣራት ከመሣሪያው ዋጋ ጋር እኩል ሊታይ ይገባል።

የባሕር ዛፍ ሌላው ጠባይ በውስጡ ተወጥሮ የሚያድግ መሆኑ ነው። ሲቆረጥ ውጥረቱ ስለሚላቀቅ የግንዱ ጫፍ ይተረተራል፤ ሳንቃውም ከመጋዙ እንደወጣ ይጎብጣል። ስለዚህ ግንዱ ተቆርጦ ሳይሰነብት መሰንጠቅ፣ ጫፎቹንም በቀለም ወይም በሰም መቀባት ይጠቅማል። ሲሰነጠቅም ከአንድ ጎን ብቻ እየላጡ ከመጨረስ ይልቅ አንዱን ሳንቃ ከዚህ፣ ቀጣዩን ግንዱን ገልብጦ ከወዲያ ማውጣት ውጥረቱን ያመዛዝነዋል።

ውኃ የሚሸጥ ነጋዴ

ትኩስ ግንድ ከክብደቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ውኃ ነው። እርጥብ እንጨት ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ አስጭኖ አዲስ አበባ የሚያደርስ ነጋዴ በዓባይ በረሃ ዳገት ላይ ለውኃ ኪራይ ይከፍላል። ጉዳቱ ግን በኪራዩ ብቻ አያበቃም። እንጨት በአመዛኙ መጥበብና መጣመም የሚጀምረው እርጥበቱ ከ30 ከመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ነው። እርጥቡን የገዛ አናጺ በሩን ገጥሞ ካስረከበ በኋላ እንጨቱ በቤቱ ባለቤት እጅ ይደርቃል፤ በሩ ይጣመማል፤ አናጺውም ዳግመኛ ወደዚያ ነጋዴ አይመለስም።

በባሕር ዳር ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚጥል ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለማድረቅ የተመቸ ነው። ነገር ግን የየካቲትና የመጋቢት ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ሳንቃው ይሰነጣጠቃል። ትክክለኛው አሠራር ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ፣ በጥላ ሥር መደርደር ነው። በየድርድሩ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ማለያ ዱላዎች በግማሽ ሜትር ርቀት ይገባሉ፤ ዱላዎቹም ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር ይውላሉ። 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳንቃ እንደ ወቅቱና እንደ ዛፉ ዓይነት ሦስት ወርም ስድስት ወርም ሊፈጅ ይችላል።

መድረቁን ለማወቅ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ከሳንቃው መሐል ቁራጭ ይወሰድና ይመዘናል፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም በምድጃ፣ በ103 ዲግሪ ይደርቅና እንደገና ይመዘናል። 500 ግራም የነበረው 400 ቢሆን የጠፋው 100 ግራም ለ400 ተካፍሎ እርጥበቱ 25 ከመቶ ነበር ማለት ነው። ለቤት ዕቃ የሚፈለገው 12 ከመቶ አካባቢ ስለሆነ ይህ ሳንቃ ገና ነው።

የደረቀ እንጨት ሌላም ጥቅም አለው፤ መጠበቅ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ታይቷል። በሱዳንም ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አንሥቶ ጦርነት አለ። በፀሐይ የተጣለ ግንድ መንገድ እስኪከፈት ሲጠብቅ ይተረተራል። በጥላ ሥር በአግባቡ የተደረደረ ሳንቃ ግን በመቆየቱ ዋጋው ይጨምራል።

የግቢ ዛፍ ዋጋ

ባሕር ዳር በዘንባባና በጃካራንዳ የታወቀች ከተማ በመሆኗ ሌላም ሥራ አለ፤ ከቆርቆሮ ቤትና ከኤሌክትሪክ ሽቦ በላይ ያጋደለ ዛፍ መመልመልና ማውረድ። እዚህ ላይ የተለመደው ወጥመድ የቤቱ ባለቤት “እንጨቱን ውሰድና ቁረጥልኝ” የሚለው ነው። በዚህ የተስማማ ሰው አደጋውን በነጻ ተሸክሟል። የግቢ ዛፍ ሚስማርና የአጥር ሽቦ ውጦ የሚያድግ በመሆኑ አንድ ሚስማር ምላጩን ሊያበላሽ ይችላል። ዋጋው ለአደጋው፣ ለገመዱና ለሠራተኛው ጉልበት ይቆረጥ፤ እንጨቱም ብረት እንደሌለበት እስኪረጋገጥ ማገዶ ተብሎ ይገመት።

ወፍራም ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል። የመጀመሪያው ከግንዱ ራቅ ብሎ ከሥር ወደ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ከእሱ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይቆረጣል። ይህ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ገሽልጦ እንዳይወርድ ይከላከላል። የቀረው ጉማጅ በሦስተኛው ቁርጥ ይነሣል፤ በቅርንጫፉ ሥር ያበጠው አንገት ግን አይነካም። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በእሱ ነው። ሽቦ አጠገብ ከሆነ የኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ መስመሩን ሳያጠፋ መሰላል አይቆምም። የመንገድ ዳር ዛፍ ደግሞ ያለ ከተማው አስተዳደር ፈቃድ አይነካም።

ከእንጨቱ በፊት ወረቀቱ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ለይቶ ከልክሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1065 ወጥቷል፤ የግል ደንንም ያውቃል። የጣና ሐይቅ ዙሪያም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ ከዘጌ ወይም ከሌላ የሐይቁ ዳርቻ “ርካሽ ዋንዛ አለ” የሚል ደላላ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዋጋው መሆን የለበትም። ዛፉ የማን ነው? የቆረጣና የማጓጓዣ ፈቃዱስ የታለ? ኬላ ላይ የተያዘ እንጨት ዋጋው ዜሮ ነው። የገዳማትና የአብያተ ክርስቲያናት ዛፍ ደግሞ ጨርሶ በንግድ ስሌት ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ መተማመንም አደገኛ ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው በቅርብ ዓመታት የዲከረንስ ተክል በበሽታ መመታቱ ይህን አሳይቷል። ለባሕር ዳር ሙቀት ከሚስማማው ቀይ ባሕር ዛፍ ጋር ግራቪሊያንም፣ ከደጋው የሚመጣውን ነጭ ባሕር ዛፍም የሚያስተናግድ ድርጅት ድንገተኛ ጉዳት ይቀንስለታል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የገንዘብ አመዳደብ ትምህርት ነው። ካፒታሉን በሙሉ መሣሪያ ላይ ያፈሰሰ ሰው ሳንቃው ሳይደርቅ ለመሸጥ ይገደዳል፤ በእርጥብ እንጨት ዋጋም ይሸጣል። ስለዚህ ጀማሪ የመጀመሪያውን በጋ በኪራይ ቢያሰነጥቅ ይመከራል። ገንዘቡን በግንድ፣ በመጠለያና በሥራ ማስኬጃ ከፍሎ ቢያንስ ለስድስት ወር ያለ ሽያጭ መቆየት የሚችልበትን ሒሳብ ይያዝ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከየግንዱ ስንት ሳንቃ እንደወጣ፣ ስንቱ እንደተጣመመና አናጺው ለደረቁ ምን ያህል እንደሚጨምር በመዝገብ ይሰፍራል። መሣሪያውን ለመግዛት ወይም ላለመግዛት የሚወሰነውም ያ መዝገብ ተገላብጦ ከታየ በኋላ ነው።