በእንቅርትና በዕጢ መቈጣት መካከል ስላለው ልዩነት

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ የለም። አባቶቻችን ይህን ሲተርቱ የአንገት እብጠት ሁሉ አንድ ዐይነት እንዳልሆነ ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኔ ግን ልዩነቱን የተረዳሁት በቤታችን ችግር ከደረሰ በኋላ ነው።

ቤታችን ቡልጋሪያ ማዞሪያ አጠገብ ነው። እናቴ ታናሽ እኅቴን በወለደች በሦስተኛው ወር ልቧ ይመታ፥ እጇም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጥቂት ወራት ቈይቶ ነገሩ ተገለበጠ፤ ብርድ ብርድ ይላት፥ ከመኝታዋ መነሣትም ያቅታት ነበር። ጎረቤቶች «የአራስ ብርድ ነው» አሉ፤ እኔም ሰነፈች ብዬ በልቤ ማማቴን አልደብቅም። ሐኪሙ ግን ደሟን አስመርምሮ የታይሮይድ ዕጢዋ መቈጣቱን ነገረን። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ማጥናት ጀመርሁ።

ታይሮይድ በአንገታችን ፊት ለፊት፥ ከማንቁርት በታች የሚገኝ፥ ቢራቢሮ የመሰለ ዕጢ ነው። ከአዮዲን ሆርሞን እየሠራ የሰውነትን ሙቀትና የልብን ምት ያስተካክላል። አዮዲን ሲጐድል ዕጢው ያብጣል፤ ብዙውን ጊዜ እንቅርት የምንለው ይህ ነው። አገራችን በ2003 ዓ.ም. የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ የወሰነችውም ስለዚህ ነው። የዕጢ መቈጣት ግን ሌላ ነው፤ ዐይነቱም ብዙ ነው።

1ኛ፤ በባክቴሪያ የሚመጣው። አንገት ይቀላል፥ ብርቱ ትኵሳት ይነሣል፥ ዕጢውም መግል ይቋጥራል። ቀን የማይሰጥ ስለ ሆነ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል።

2ኛ፤ ደ ኬርቫን የተባለው የስዊስ ሐኪም በ1904 እ.ኤ.አ. የጻፈበት። ብዙውን ጊዜ ጉንፋንን ተከትሎ ይመጣል፤ ሕመሙ ወደ መንጋጋና ወደ ጆሮ ይወጣል። የባክቴሪያ መድኃኒት አይረዳውም፤ አብዛኛው ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ይድናል።

3ኛ፤ ሐሺሞቶ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጠው። የሰውነት መከላከያ ኀይል የገዛ ዕጢውን ያጠቃል። አንገት አያምም፤ ነገር ግን ድካም፥ ብርድና የሆድ ድርቀት ቀስ በቀስ ይመጣሉ። ሆርሞኑ ካነሰ በየቀኑ ክኒን መዋጥ ያስፈልጋል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው።

4ኛ፤ ከወሊድ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚነሣው፤ የእናቴም ይህ ነበር። አንገት አያምም። በመጀመሪያ የተከማቸው ሆርሞን ከዕጢው ስለሚፈስ ልብ ይመታል፤ ሲያልቅም ድካም ይከተላል። አብዛኞቹ እናቶች ይድናሉ፤ ሳይድኑ የሚቀሩም ስላሉ ደማቸው እንደ ገና መታየት አለበት።

እንግዲህ ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይረዱናል፦ ያማል ወይስ አያምም? ከምን በኋላ ጀመረ? የደሙስ ምርመራ ምን ይላል? የመጨረሻውን የሚመልሰው ሐኪም ብቻ ነው።

እናቴ ዛሬ ደኅና ናት፤ እኔም ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፥ የደከመውን ሰው ሰነፍ ከማለታችን በፊት፥ ታሞ እንደ ሆነ እንጠይቅ።